የኤሊ ጫጩቶችን አንሥቶ ባሕር ውስጥ መጨመር ደግነት ነው ወይስ ጉዳት? የተማሪዬን ጥያቄ እንድመልስ አግዙኝ

የኮቼ መምህርት — ቅዳሜ ጠዋት

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ጅማ የ6ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤታችንን የተፈጥሮ ክበብም የማስተባብረው እኔ ነኝ። ትናንት ለክበቡ ልጆች አንድ አጭር ቪዲዮ አሳየኋቸው። ጎብኚዎች በአንድ የባሕር ዳርቻ ተሰብስበው፣ አዲስ የተፈለፈሉ የባሕር ኤሊዎችን ከባልዲ እያወጡ፣ በመዳፋቸው ይዘው ፎቶግራፍ ከተነሡ በኋላ ወደ ውሃው ይለቋቸዋል። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም አብሬያቸው አጨበጨብኩ።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን እጇን አነሣች። «መምህርት፣ እግር አላቸው አይደል? ለምን ራሳቸው አይሄዱም?» አለችኝ። ቤታቸው ዶሮ ያረባሉ። ጫጩቱ ቅርፊቱን እየሰበረ ሳለ ልትረዳው ስትል አያቷ እጇን እንደያዙባት ነገረችን። «አያቴ፣ አንቺ ከሰበርሽለት እግሩ አይጠናም ትላለች» ስትል ክፍሉ ጸጥ አለ።

መልስ አልነበረኝም። ከክበቡ 31 ልጆች አንዳቸውም ባሕር አላዩም፤ እኔም አላየሁም። ሰኞ መልሱን ይዤላችሁ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ባሕርን የምታውቁ፣ ስለ እንስሳት የተማራችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ።

ባዮሎጂ ክፍል — ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡20

መምህርት፣ የልጅቷ አያት ቁም ነገሩን ጨርሰውታል። እኔ ዝርዝሩን ብቻ ልጨምርልሽ።

እናት ኤሊ እንቁላሎቿን ከቀበረች በኋላ ተመልሳ አታያቸውም። የሚታቀፋቸው አሸዋው ነው። አረንጓዴው የባሕር ኤሊ በአንድ ጉድጓድ 110 ያህል እንቁላል ይጥላል፤ ሁለት ወር ገደማ አሸዋ ውስጥ ይቆያሉ። ጫጩቶቹ ቅርፊቱን እንደሰበሩ ወዲያው አይወጡም። እየተገፋፉ፣ ከላይ ያለውን አሸዋ ወደ ታች እያወረዱ፣ ለቀናት ወደ ላይ ይወጣሉ። የላይኛው አሸዋ የሚያቃጥል ከሆነ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሲበርድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ በአንድነት ፈንቅለው ይወጣሉ።

አሁን ወደ ባልዲው። ጫጩቱ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ የቀረ አስኳል አለ። ስንቁ ያ ነው። ከአሸዋው እንደወጣ ሰውነቱ በኃይል መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ውሃ ውስጥ ከገባም በኋላ አንድ ቀን ያህል ያለማቋረጥ ቀዝፎ በአዳኝ ዓሦች የተሞላውን የዳርቻ ውሃ አልፎ ይሄዳል። ባልዲ ውስጥ ስታስቀምጪው መራወጡን አይተውም፤ ፎቶግራፍ አንሺዎች እስኪመጡ ድረስ ስንቁን ባልዲው ግድግዳ ላይ ይጨርሳል። ከዚያ ወደ ባሕር ሲጣል ደክሞ ነው። ተመልካቹ ደስ ብሎት ወደ ሆቴሉ ይሄዳል፤ ጫጩቱ ምን እንደደረሰበት ማንም አያይም። ይህ ነገር ልቤን ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም።

በአሸዋው ላይ የሚያደርገው አጭር ጉዞም ከንቱ አይደለም። በዚያ ጉዞ የያዘው አቅጣጫ በኋላ ውሃ ውስጥ ለሚከተለው አቅጣጫ መነሻው ነው። መጀመሪያ ብርሃኑን፣ ቀጥሎ የማዕበሉን አመጣጥ፣ ከዚያም የምድርን ማግኔት ይከተላል። ሴቷ ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ አድጋ እንቁላል ልትጥል ስትመጣ ወደ ተወለደችበት አካባቢ የምትመለሰውም በዚሁ የማግኔት ስሜት እየተመራች መሆኑን ተመራማሪዎች ደርሰውበታል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጆቹን ያስደንቃል። ዶሮ እንቁላሎቿን በየቀኑ ታገላብጣለች። የባሕር ኤሊ እንቁላል ግን ከተጣለ ጥቂት ሰዓት ካለፈው በኋላ ከተገለበጠ ይሞታል፤ ፅንሱ ከቅርፊቱ የላይኛው ክፍል ጋር ስለሚጣበቅ ሲገላበጥ ይላቀቃል። ማዕበል የሚወስደውን ጉድጓድ ለማዛወር የሚገደዱ ጠባቂዎች እንኳን ሥራውን በነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ እንቁላሉን ሳያዞሩ፣ በዚያው ጥልቀት ቆፍረው ነው የሚጨርሱት።

ከሱር የተመለሰች — ቅዳሜ ማታ

መምህርት፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። የትምህርት ሰው አይደለሁም፤ ያየሁትን ብቻ እነግርሻለሁ።

ኦማን ውስጥ ሱር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ አሠሪዎቼ ከውጭ የመጡ ዘመዶቻቸውን ራስ አል ጂንዝ ሲወስዱ ሕፃኑን እንድይዝ እኔንም ወሰዱኝ። ቦታው ለኤሊዎቹ የተከለለ ነው። ሰው እንደፈለገ አይገባም፤ በቡድን በቡድን ተከፍሎ ከአስጎብኚ ጋር ብቻ፣ በሌሊት። ከመግባታችን በፊት ስልክ አጥፉ ተባልን። ነጭ ባትሪ የለም። አስጎብኚው ትንሽ ቀይ መብራት ይዟል፤ እሱንም ወደ መሬት ደፍቶ ነው የሚያበራው።

በጨለማ አሸዋ ላይ ረጅም ተጓዝን። ትራክተር የሄደበት የሚመስል ሰፊ ፈለግ አየሁ፤ የኤሊዋ ነበር። አስጎብኚው እጁን ዘርግቶ አስቆመንና ብቻውን ሄደ። ተመልሶ «ገና እየቆፈረች ነው፤ አሁን ከቀረባችሁ ትታው ወደ ባሕር ትመለሳለች» አለን። እንቁላል መጣል እስክትጀምር ድረስ አንድ ሰዓት ያህል በብርድ ቆምን። ሕፃኑ ጀርባዬ ላይ ተኝቶ ነበር። አልቅሶ እንዳይነቃ ስጸልይ ነበር፤ ለሷ ብዬ።

ከዚያ ከኋላዋ እንድንቀርብ ተፈቀደልን። ከፊት በኩል መቅረብ ክልክል ነው። የኋላ እግሮቿን እንደ ጭልፋ አድርጋ የቆፈረችው ጉድጓድ አፉ ጠባብ ነው፤ እንደ እንስራ ወደ ውስጥ ይሰፋል። እንቁላሎቹ ነጭ፣ ክብ፣ እርጥብ ናቸው። ሁለት ሦስት እየሆኑ ይወርዳሉ። ትንፋሿ ይሰማል፤ እንደ ደከመ ሰው ነው የምትተነፍሰው። ከዓይኗ እንባ ይወርዳል። አጠገቤ የነበረችው ሴት «ታለቅሳለች» ስትል አስጎብኚው፣ ሰውነቷ የጠጣችውን የባሕር ጨው በዓይኗ በኩል እንደሚያስወጣና ባሕር ውስጥም ሁልጊዜ እንደዚያው እንደሆነ ነገረን። እኔ ግን ያን ሌሊት አብሬያት አለቀስኩ። ልጄን እናቴ ዘንድ አጋሮ ትቼ የሄድኩ ሰው ነኝ። አሸዋውን በእግሯ እየመለሰች፣ ሌባ እንዳያገኘው አካባቢውን ሁሉ እየበተነች ስትሸፍነው፣ ከዚያ ወደ ኋላዋ ሳትዞር ወደ ውሃው ስትሄድ ምን እንደተሰማኝ ልገልጽልሽ አልችልም።

ለልጆቹ ይህን ንገሪያቸው፦ በዚያ ቦታ ጥበቃ ማለት ጨለማ ነበር። ጥበቃ ማለት መቆም ነበር። ማንም ምንም አልነካም።

የቦዬ ጎረቤት — እሑድ ጠዋት

ሁላችሁም መልካም ተናግራችኋል፤ ግን ዝም ብዬ ማንበብ አልቻልኩም። ጅማ ተቀምጠን ስለ ኦማን ኤሊ እናለቅሳለን። ቦዬ ረግረጉ በዓይናችን ሥር እየደረቀ ነው። በልጅነቴ በራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያለው ጥቁሩ ክሬን የሚባለው ወፍ ከቤታችን ጀርባ በመንጋ ሲወርድ እንቆጥር ነበር። አሁን በአንድ ወገን ባሕር ዛፍ፣ በሌላው ወገን የጡብ ጭቃ ጉድጓድ፣ ከላይ ደግሞ ከከተማው የሚወርድ ቆሻሻ ነው። ያ ወፍ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርያዎች አንዱ ነው። እሱም ጎጆውን የሚሠራው መሬት ላይ፣ በረግረጉ ሣር መካከል ነው። ስለ እሱ ማን ቪዲዮ ያሳያል? መምህርት፣ አልተቆጣሁሽም። የራሳችንን ማየት ትተን ሩቅ ስናይ ግን ያመኛል።

የኮቼ መምህርት — እሑድ፣ ከቀኑ 5፡00

ወንድሜ፣ ቁጣህን ተቀብያለሁ። ግን ልጅ የሚጠይቀው ልቡ በተነካበት ቦታ ነው። በኤሊዋ በኩል ከገባች እኔ ወደ ቦዬ ላደርሳት እችላለሁ።

ደግሞ ሁለቱ በቀጥታ የሚገናኙበት መንገድ ያለ ይመስለኛል። ልጆቹን አዌቱ ወንዝ ዳር ወስጄ ፕላስቲክ እንዲለቅሙ አስቤ ነበር። የባሕር ኤሊ ተንሳፋፊ ፌስታል ስታይ ጄሊፊሽ የሚባለው ለስላሳ የባሕር እንስሳ መስሏት ትውጣለች ይባላል። እኛ አዌቱ ውስጥ የጣልነው ፌስታል ወርዶ ወርዶ ባሕር ይገባል ብዬ ልነግራቸው ነው።

ውሃ ለኪው — እሑድ፣ ከቀኑ 7፡10

መምህርት፣ ፕላስቲኩን ልቀሙ፤ ነገር ግን ያንን አትንገሪያቸው፤ ልክ አይደለም። ሥራዬ ወንዝ መለካት ነው።

አዌቱ ከተማችንን አቋርጦ ወደ ቦዬ ይወርዳል፤ የዚያ ውሃ መድረሻ ግልገል ግቤ ነው። ግልገል ግቤ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ግድብ አለ። ያንን ያለፈው ግቤ ይሆናል፣ ግቤ ኦሞ ይሆናል፣ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቱርካና ደግሞ መውጫ የለውም። የጅማ ከተማ ውሃ ከየትኛውም ባሕር አይደርስም። በአጋሮ በኩል፣ ከጎማ ተራሮች የሚነሣው ዴዴሳ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ወደ ዓባይ፣ ዓባይም ወደ ሜዲትራኒያን ይሄዳል፤ ያም ቢሆን በመካከል ትላልቅ ግድቦች አሉበት።

እንግዲህ አስቡት። የጣልነውን ፌስታል ባሕር አይወስድልንም። ቦዬ ሣር ውስጥ ይቀራል፣ የግድቡ ደለል ውስጥ ይቀራል፣ ዓሣ አስጋሪው መረብ ውስጥ ይቀራል። ለልጆቹ ይህን ብትነግሪያቸው የበለጠ የሚገባቸው ይመስለኛል፤ እውነትም ስለሆነ።

የባሕር ኃይል ጡረተኛ — እሑድ ማታ

ልጆቼ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ እስከ 1982 ድረስ ምፅዋ ላይ ያገለገልኩ የባሕር ኃይል ሰው ነበርኩ። አሁን ቡናዬን እየለቀምኩ እዚህ እኖራለሁ። ይህን ጽሑፍ ያነበበችልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ የምትጽፍልኝም እሷ ናት።

የምናገረው በደል አለኝ። ወጣት ሳለን ከዳህላክ ደሴቶች በአንዱ ላይ የኤሊ እንቁላል ቆፍረን በልተናል። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ፈለጓን ተከትለን ጉድጓዱን በዱላ እየወጋን እንፈልጋለን፤ ዱላው እርጥብ ሆኖ ሲወጣ ተገኘ ማለት ነው። የኤሊ እንቁላል ሲቀቀል አስኳሉ ይጠነክራል፤ ነጩ ግን የፈለገውን ያህል ቢፈላ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ያ ነገር ሲያስደንቀን ነበር። እናቲቱንም አንዳንዶቻችን በጀርባዋ ገልብጠናታል። በጀርባዋ ከተኛች መነሣት አትችልም፤ እስኪነጋ ስትቀዝፍ ታድራለች። ድምፁ አሁንም ይሰማኛል።

በዚያ ባሕር የተጀመረው በእኛ አልነበረም። ከምፅዋ በስተደቡብ አዱሊስ አለች። ከ1,900 ዓመት በላይ ከሚሆን ጊዜ በፊት በዚያ ባሕር የተጓዘ አንድ ነጋዴ ከአዱሊስ የሚወጣውን ሸቀጥ ሲዘረዝር ከዝሆን ጥርስና ከአውራሪስ ቀንድ ጋር የኤሊ ድንጋይም፣ ማለት የጀርባዋን ቅርፊት፣ ጽፏል። ማበጠሪያና ጌጥ የሚሠራበት፣ አፏ እንደ ጭልፊት የሆነው የዚያችኛዋ ኤሊ ልብስ ነው። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አባቶቻችን የነገዱባትን እኛ በላናት።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ያኔ እንቁላል ስንወስድ ቁጥራቸው የቀነሰ አይመስልም ነበር፤ በየዓመቱ ይመጡ ነበር። ታዲያ ጉዳታችን የት ሄደ?

ባዮሎጂ ክፍል — ሰኞ ጠዋት

ጋሼ፣ ይህን በግልጽ በመናገርዎ አከብርዎታለሁ። ጥያቄዎም የዚህ ጉዳይ ልብ ነው።

አንዲት ሴት ኤሊ ለመውለድ ከ20 ዓመት በላይ ሊፈጅባት ይችላል። ስለዚህ ዛሬ በየዓመቱ እንቁላሉን ሁሉ ብንወስድ እንኳን ለ20 ዓመት እናቶች መምጣታቸውን አያቋርጡም። ከብዙ ዓመት በፊት የተፈለፈሉት ናቸውና። አዳኙ «ይኸው አልቀነሱም» ይላል። ከዚያ በአንድ ትውልድ ውስጥ ዳርቻው ባዶ ይሆናል። ጉዳትዎ ወደፊት ተቀምጦ ነበር።

በዓለም የታወቀው ምሳሌ ሜክሲኮ ውስጥ ራንቾ ኑዌቮ የሚባለው ዳርቻ ነው። የኬምፕ ሪድሊ ኤሊ የምትባለው ዝርያ በቀን፣ በመንጋ፣ ወጥታ እንቁላል የምትጥልበት ዋናው ቦታ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በተነሣ ተንቀሳቃሽ ፊልም ላይ በአንድ ቀን ብቻ 40,000 ያህል ሴቶች እንደወጡ ተገምቷል። እንቁላሉ በአህያ እየተጫነ ይሸጥ ነበር። የሜክሲኮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 ዳርቻውን ማስጠበቅ ጀመረ። ሆኖም ቁጥሩ መውረዱን ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በዓመቱ ሙሉ የተቆጠረው 702 ጉድጓድ ብቻ ነበር። አስቡት፣ 19 ዓመት ጠብቀው ዝቅተኛውን ቁጥር አዩ! ያኔ ተስፋ ቆርጠው ቢተዉት ኖሮ አልቆ ነበር። በዳርቻው ጥበቃ ላይ የሽሪምፕ መረቦች ኤሊ የምታመልጥበት ቀዳዳ እንዲኖራቸው ተደረገ፤ ምክንያቱም በዳርቻ የዳነችው ባሕር ውስጥ መረብ እየያዛት ትንፋሽ አጥታ ትሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ጉድጓዶቹ ከ20,000 በላይ ደረሱ። ከዚያ ወዲህም መውጣትና መውረድ አለ፤ ግን ዝርያዋ አልጠፋችም።

አዲሱ ፈተና ደግሞ ሙቀት ነው። ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በአሸዋው ሙቀት ነው። 29 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀላቀላሉ፤ ከዚያ ሲሞቅ ሴቶች ይበዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ በሰሜን አውስትራሊያ ሞቃት ዳርቻዎች ከተፈለፈሉት ያላደጉ አረንጓዴ ኤሊዎች ከ99 በመቶ በላይ ሴቶች ሆነው ተገኙ። ዘበኛ ቆሞ የማይመልሰው ጉዳት ይህ ነው።

ጡብ ሠሪው — ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡45

የቦዬ ጎረቤት ያለውን አንብቤ ነው የመጣሁት። ጭቃ ከሚቆፍሩት አንዱ እኔ ነኝ። አባቴም ቆፍሯል። የተማርኩት በጡብ ገንዘብ ነው፤ እህቶቼንም የማስተምረው በዚሁ ነው። ጭቃ እረግጣለሁ፣ በቅርጹ አወጣለሁ፣ አደርቃለሁ፣ በባሕር ዛፍ እንጨት እተኩሳለሁ። እናንተ ደግሞ ቤታችሁን በጡቡ ትሠራላችሁ።

ወፉን የማልወድ አይምሰላችሁ። በአንድ ክረምት ማግሥት ስቆፍር ከጉድጓዴ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ጎጆ አየሁ፤ ሁለት እንቁላል ነበረው። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ይታቀፉ ነበር። እኛ ስንመጣ ይነሣሉ፣ ስንሄድ ይመለሳሉ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን እንቁላሎቹ አልነበሩም፤ ማን እንደወሰዳቸው አላውቅም። ወፎቹ ግን እስከ ማታ ቆመው ነበር። ማንም «እዚህ ለአንድ ወር አትቆፍር፣ እዚያ ቆፍር» ቢለኝ እሺ እል ነበር። የሚመጣው ሰው ግን «ውጣ» ብቻ ነው የሚለው። የኤሊ ጠባቂዎች እንቁላል የሚሸጡትን ሰዎች ምን አደረጓቸው? ያንን ንገሩኝ።

ባዮሎጂ ክፍል — ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡30

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ መልሱ «ቀጠሯቸው» ነውና።

ብራዚል ውስጥ ታማር የሚባል ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1980 ተመሠረተ። ሥራውን ሲጀምሩ ዳርቻውን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ሰዎች እንቁላል ለቃሚዎቹ ዓሣ አስጋሪዎች መሆናቸውን አዩ። ጉድጓዱን በጨለማ የሚያገኝ ዓይን ያላቸው እነሱ ነበሩ። ስለዚህ ጉድጓድ እንዲጠብቁ ደመወዝ ከፈሏቸው። የትናንቱ ለቃሚ የዛሬ ጠባቂ ሆነ፤ ሚስቶችና ልጆችም በጎብኚዎች አገልግሎትና በዕደ ጥበብ ሥራ አገኙ።

ወደ እኛ ሲቀርብ ደግሞ ኬንያ፣ ዋታሙ ላይ፣ ዓሣ አስጋሪ መረቡ ኤሊ ሲይዝበት ደውሎ ይጠራል፤ ሠራተኞች መጥተው ኤሊዋን አይተውና መዝግበው ይለቋታል። ለእሱም ለባከነ ጊዜውና ለተቀደደ መረቡ መጠነኛ ገንዘብ ይሰጠዋል። ከሥራው አላባረሩትም።

አንተ «ለአንድ ወር አትቆፍር» ያልከው በትክክል ነው። የዚያ ክሬን እንቁላል ለመፈልፈል የሚፈጅበት አንድ ወር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር አንተ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጉድጓድህ አፍ ነው ያገኘኸው።

ተጓዥ ነርስ — ሰኞ ማታ

ይቅርታ፣ ከመካከል ገባሁ። በሚቀጥለው ወር ለሥልጠና ሞምባሳ እሄዳለሁ፤ ማረፊያችን ባሕር ዳር ነው። ባሕር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ማድረግ፣ ምን አለማድረግ አለብኝ?

ከሱር የተመለሰች — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

እህቴ፣ መልካም መንገድ። መጀመሪያ መብራት። ክፍልሽ ወደ ባሕሩ የሚያይ ከሆነ ማታ መጋረጃውን ዝጊ፣ የበረንዳውን አጥፊ። ጫጩት ሲወጣ የሚሄደው ዝቅ ብሎ ወደሚያበራው አድማስ ነው፤ ድሮ ያ ባሕሩ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ሆቴሉ ይበልጣል። ወደ መኪና ማቆሚያ ሄደው በጎማ ሥር ያልቃሉ፣ ወይም ጠፍተው ይነጋባቸውና ፀሐይ ያደርቃቸዋል። ማታ ዳርቻ ላይ በስልክ መብራት አትሂጂ። ልጆች ቀን አሸዋ ላይ የቆፈሩትን ጉድጓድ ካየሽ በእግርሽ ድፈኚው፤ ለኛ ትንሽ የሆነ ጉድጓድ ለነሱ ገደል ነው። ወንበር ዳርቻ ላይ አታሳድሪ፤ እናቲቱ ስትወጣ ያግዳታል። «ጫጩት ያዢና ፎቶ ተነሺ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ገንዘብ አትክፈዪ።

ገበያ ላይ ደግሞ ቡናማና ወርቃማ የተቀላቀለበት የሚያምር አምባርና ማበጠሪያ ያሳዩሽ ይሆናል። ጋሼ የነገሩን የጭልፊት አፏ ኤሊ ልብስ ሊሆን ይችላልና አትግዢ።

ባዮሎጂ ክፍል — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

አንድ ልጨምር። ሰባቱም የባሕር ኤሊ ዝርያዎች ለንግድ ድንበር እንዳይሻገሩ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ተከልክለዋል፤ ኢትዮጵያም ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ አባል ናት። አምባሩ አየር ማረፊያ ላይ ከተገኘ ይወረሳል፤ ቅጣትም አለው። የተቸገረች የመሰለች ኤሊ ካየሽም ራስሽ አትጎትቻት። ለሆቴሉ ሰዎች ንገሪና የሚያውቁት እስኪመጡ ሰውና ውሻ እንዳይቀርባት ጠብቂ።

የቦዬ ጎረቤት — ማክሰኞ ጠዋት

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ጡብ ሠሪው ሆይ፣ ስምህን ባላውቅም ጎረቤቴ ነህ፤ ከጉድጓድህ በላይ ያለው ቤት የኛ ነው። «ውጣ» ካሉህ ሰዎች አንዱ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ይቅር በለኝ።

ስለ ጎጆው የጻፍከውን ለወንድሞቼ አነበብኩላቸው። ጎጆ ሲታይ ለሁላችንም የሚነገርበት፣ በዙሪያው ዱላ ተተክሎ ከብትም ሰውም ቆፋሪም ለአንድ ወር የማይጠጋበት መንገድ ብንጀምር ምን ይመስልሃል? ቀኑን የምትቆጥረው አንተ ሁን። ከብት የሚያሠማሩትን እኔ አነጋግራለሁ፤ ዘመዶቼ ናቸው። ለአንተ የሚቋረጥብህን ሥራ በተመለከተ ደግሞ ቀበሌውን ብቻ አንጠብቅ፤ ከመንደሩ ቤት እየሠሩ ያሉ አራት ሰዎች አውቃለሁ፤ ጡባቸውን ቀድመው እንዲያዝዙህና ከሌላው ወገን እንድታወጣላቸው እጠይቃለሁ።

ጡብ ሠሪው — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡00

ይቅር ብያለሁ። ከምሥራቁ በኩል የማላስቸግርበት ጭቃ አለ፤ ትንሽ ድንጋይ ይበዛዋል እንጂ ይሆናል። ጎጆ ባየሁ ቀን እደውልልሃለሁ። ዱላውን ግን በጣም አታቅርቡት፤ ሃያ እርምጃም ቅርብ ነበር።

ውሃ ለኪው — ማክሰኞ ማታ

ስለ ቆሻሻው ተስፋ ለቆረጣችሁ አንድ እውነተኛ ነገር ላካፍል። ሕንድ፣ ሙምባይ ከተማ ውስጥ ቬርሶቫ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ፤ ሰው ፕላስቲኩ ላይ እንጂ አሸዋው ላይ የማይራመድበት ነበር። አፍሮዝ ሻህ የሚባል የሕግ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአንድ አረጋዊ ጎረቤቱ ጋር ሆኖ በየሳምንቱ መልቀም ጀመረ፤ ከዚያ ሌሎች ተከተሉት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ከዚያው አሸዋ 80 ያህል የኤሊ ጫጩቶች ወጥተው ወደ ባሕር ሲሄዱ ታዩ። በዚያ ዳርቻ ለሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ያለ ነገር አልታየም ነበር። እኔ ከአዌቱ ድልድይ እስከ ቦዬ መግቢያ ያለውን በየሳምንቱ ለሥራዬ እሄድበታለሁ። መምህርት፣ ልጆቹ በሚለቅሙበት ቀን ጓንትና ጆንያ አመጣለሁ።

የኮቼ መምህርት — ረቡዕ ማታ

ሰኞ የመጀመሪያውን መልስ፣ ዛሬ ደግሞ የቀረውን አነበብኩላቸው። ስለ ባልዲው ስነግራቸው ያጨበጨቡት ልጆች አቀርቅረው ነበር፤ እኔም አብሬ ማጨብጨቤን ነገርኳቸው። የጠየቀችው ልጅ ለአያቷ እንዳደርስ የጠየቀችኝ ነገር ስለነበረ ትምህርት ቤት ሲወጡ ቤታቸው ሄድኩ። አያቷ ጓሮ ውስጥ ዶሮዋ ያቀፈቻቸውን እንቁላሎች አሳዩኝ፤ በከሰል ምልክት አድርገውባቸዋል። የኤሊ እንቁላል ከተገለበጠ እንደሚሞት ስነግራቸው ረጅም ዝም ካሉ በኋላ «ታዲያ እሷማ ከዶሮ የባሰች እናት ያስፈልጋታል» አሉ። እናቲቱ ቀብራ ትሄዳለች አልኳቸው። «እንግዲያው መሬቱን አደራ ብላ ነዋ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልጆቹን ይዤ ቦዬ እሄዳለሁ። አንነካም፣ አንጮህም፣ ስልክ አናወጣም። እንቆጥራለን፣ እንጽፋለን።

የቦዬ ጎረቤት — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

መምህርት፣ ማለዳ ውሃው ዳር ጉማሬ አይጠፋም። ልጆቹን ከመንገዱ አታውርጂያቸው። እኔ ከፊት እሆናለሁ፤ ጡብ ሠሪው ከኋላ እንደሚሆን ነግሮኛል።

የባሕር ኃይል ጡረተኛ — ሐሙስ ጠዋት

ከመንገድ ላይ ሆነው ወፉን በደንብ ላያዩት ይችላሉ። ከምፅዋ ይዤው የወጣሁት የርቀት መነጽር አለኝ፤ አንዱ ዓይኑ ትንሽ ደብዝዟል፣ ሌላኛው ደኅና ነው። ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ። አንድ ብቻ ነውና ልጆቹ በተራ ይያዙት፤ መጀመሪያ ግን ያቺ የጠየቀችው ልጅ ትመልከት።